እንቁራሪቲቱ በፍሬን የተፈተነችበት ዓመት

በእንቁራሪቲቱ ስምንተኛ ዘመነ ግዛት፣ ራዲያተርዋ ከተፈወሰ በሦስተኛው፣ የእጅ ፍሬንዋ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ አቧራ በመንገዱ ሁሉ ላይ በነገሠበት ወራት፣ የጂኦግራፊ መምህር፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ የአምስት መቀመጫና የአንድ ስፖኪዮ ጌታ የሆኑት ፊታውራሪ፣ ያገለገለች መኪናቸውን ይዘው ወደ ዓመታዊው ምርመራ የዘመቱበትን፣ በዚያም የሆኑትን ሁሉ፣ እኔ የግድግዳ ጎረቤታቸውና የዜናቸው ጸሐፊ፣ ምንም ሳልጨምር፣ ስለ ይሉኝታ ግን ጥቂት እየቀነስኩ፣ እነሆ እጽፋለሁ።

ፊታውራሪነቱን ማንም አልሾማቸውም። መኪናቸው ዳገት በወጣች ቁጥር ከኋላዋ የከተማው መኪና ሁሉ ተሰልፎ ያዘግም ነበርና፣ ሰፈሩ ይህን ከፊት መሪነት አይቶ ስሙን አወጣላቸው። እሳቸው ግን ስለ ግርማቸው የተሰጠ መስሏቸው በደስታ ተቀበሉት፤ ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸውም እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላምታ ይመልሱ ነበር።

እንቁራሪት የሚለውም የእርስዋ ብቻ ሳይሆን የዘርዋ ሁሉ ስም ነው። ፋብሪካው ያወጣላት ስም ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስለሆነ በማንም አፍ አልገባም። መብራቶችዋ ወደ ላይ የፈጠጡ ናቸውና፣ አንደኛ ማርሽ ሲገባላትም አንድ ጊዜ ሳትዘል አትነሣምና፣ ሕዝቡ እንቁራሪት ብሎ ጠራት። ባሕር ማዶ ወጣትነትዋን ጨርሳ፣ ለሌላ ሰው ታዝዛ፣ ሽበትዋን በቀለም ሸፍና የመጣች ዘር ናት። በሰፈራችን አምስት ነበሩ፤ ከአምስቱም የፊታውራሪ በዕድሜ ታላቂቱ ናት።

ወእምዝ በዚያው ዓመት የምርመራ ጣቢያው አንድ ማስታወቂያ በበሩ ላይ ለጠፈ። ያገለገሉ መኪኖች በየሞዴላቸው ለምርመራ ሲቀርቡ ስንቶቹ እንደሚያልፉ፣ ስንቶቹ እንደሚወድቁ የሚናገር ነበረ። ይህንንም የፊታውራሪ ባለቤት ታናሽ ወንድም፣ ስልክ ሻጩ፣ ወሬ ሳይቀዘቅዝ በማድረሱ ትኩሱ የተባለው፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ በእሑድ ምሳ ላይ፣ ዘመዱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበው። ከሞዴሎች ሁሉ መጨረሻ የወጣችው እንቁራሪት ነበረች። ከአሥር እንቁራሪት ሰባቱ በመጀመሪያው ምርመራ ይወድቃሉ ይላል። ትኩሱ ይህን ካነበበ በኋላ ለራሱ መኪና የተጻፈውን መልካም ነገር ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሁለት ጊዜ አነበበ።

በዚህ ጊዜ ፊታውራሪ ፊታቸው ቀላ፤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ፤ የጨው ዕቃውን እንደ በትረ መንግሥት ጨብጠውም አዋጅ አስነገሩ። የእሳቸው እንቁራሪት ሰባት ዓመት ቀርባ ሰባቱንም ማለፍዋን፣ ዘንድሮም በመጀመሪያው እንደምታልፍ፣ ያውም እንደ ወትሮው በእሳቸው እጅ ሳይሆን በልጃቸው እጅ ተነድታ እንደምታልፍ፣ ካለፈችም በኋላ ቁልፉ የልጅቱ እንደሚሆን አወጁ።

ልጅቱ በዚያ ወር ሥራ ይዛለች፤ ከረጅሙ ቁልቁለት ግርጌ ባለው ላቦራቶሪ የደም ናሙና መርማሪ ሆና ነበር። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ተጣብቃ ትወርዳለች፣ ማታ ተጣብቃ ትወጣለች። መንጃ ፈቃድ አውጥታ የምትነዳው አጥታ ቆይታለችና አዋጁን ስትሰማ ሳቀች፤ ጨው የጨበጠውንም የአባትዋን እጅ ሳመች።

እናትየው ግን አልሳቁም። አዋላጅ ናቸው፤ ሌሊቱን በሥራ ላይ አድረው ነበር፤ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ስንት ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ» አሉ ለባለቤታቸው። «ይቺን አንዷን በፍሬን አላጣትም። መኪናዋ ካለፈች በእውነት ትለፍ፤ ካልሆነ ትውደቅና ቆማ ትቅር።»

ፊታውራሪም በዚህ የተደፈሩ መስለው፣ አንቺ ደግሞ፣ መቼ ነው የወደቀችው ብለው ተቀመጡ።

ታሪክ ጸሐፊ እውነትን መሸሸግ አይገባውምና፣ ሰባቱ ድሎች እንዴት እንደተገኙ እዚህ ላይ ልናገር። አምስቱ የሰፈራችን እንቁራሪቶች በመካከላቸው አራት ጥሩ ጎማና አንድ ሙሉ አዲስ የፍሬን ሸራ ነበራቸው። ይህም የጋራ ንብረት ዶክተር በሚባለው መካኒክ ጋራዥ ይቀመጥ ነበር። የአንዱ ባለ እንቁራሪት ቀጠሮ ሲደርስ ዶክተር አሮጌውን ፈትቶ ጥሩውን ይገጥምለታል፤ መኪናይቱ ሄዳ፣ አልፋ፣ ቦሎዋን በመስታወትዋ ለጥፋ ትመለሳለች፤ ጎማውና ሸራውም ይፈታና ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይሰጣል። እርስዋም ወደ ሊሾ ጎማዋና ወደተበላው ሸራዋ ተመልሳ፣ ዓመቱን ሙሉ በቦሎዋ ኮርታ፣ ለመቆም ግን ከሩቅ እያሰበች ትኖራለች። ዶክተርም ይህን ሲያደርግ ሕሊናው አይወቅሰውም ነበር፤ ሰርግ ላይ ሱፍ መዋስ ነውር ነው እንዴ እያለ ይከራከር ነበር።

ዘንድሮ ግን መከራ መጣ። የፊታውራሪና የሌላው ባለ እንቁራሪት፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ ቀጠሮ በአንድ ቀን ዋለ። ዳቦ ጋጋሪው ሰውነተ ሙሉ፣ ድምፀ ቀጭን፣ በነገር ግን የማይበገር ሰው ነው፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ጋራዥ ደርሶ ሸራውን በሙሉ አስገጥሞ ነበር። ፊታውራሪ ሲደርሱ ብዙ ሙግት ሆነ። በመጨረሻም ዶክተር ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ፍርድ ፈረደ። ጎማዎቹን ቀድመው የሚገቡት ፊታውራሪ ይያዙ፤ እንደወጡም ከጣቢያው አጥር ጀርባ ፈትተው ለዳቦ ጋጋሪው ያቀብሉ። የፍሬኑ ሸራ ግን እኩል ይካፈል፤ የግራው ለፊታውራሪ፣ የቀኙ ለዳቦ ጋጋሪው ይሁን።

«ጋሼ፣ ግራው ይበቃል» አለ ዶክተር እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ቀስ ብላ ትርገጠው ብቻ።»

ፊታውራሪ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስለ ቁልቁለት፣ ስለ ክብደትና ስለ ስበት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስተምሩ ጠመኔ ይሰብራሉ። ግማሽ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ የማይገባቸው ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ጣቢያው ሜዳ ላይ ነው፣ መንገዱም አጭር ነው፣ ካለፈች በኋላ ደግሞ ቀስ ብሎ ይሠራል ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ለማንም ምንም ሳይናገሩ አደሩ።

በማግሥቱ ሠራዊቱ ተነሣ። የሰልፉም ሥርዓት እንዲህ ነበር። ከሁሉ ፊት እንቁራሪቲቱ፣ ታጥባ፣ ክሩስኮቶዋ በዘይት ተወልውሎ ሄደች። በመሪዋ ላይ ልጅቱ፣ በቀኝዋ ፊታውራሪ የምረቃ ቀን ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከኋላ ባለቤታቸው የእጅ ቦርሳቸውን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከእነርሱም ቀጥሎ ትኩሱ በአዲሱ መኪናው፣ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር ተክሎ፣ ዘመቻውን ለዘመድ ሁሉ ሊቀርጽ ተከተለ። ከትኩሱም ቀጥሎ ዶክተር ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን በሞተር ብስክሌት ጭኖ መጣ። በመጨረሻም የዳቦ ጋጋሪው እንቁራሪት፣ ጎማዋ እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ፣ በቀኝዋ ብቻ የምትቆም፣ ከአጥር አጥር እየተጠጋች ደረሰች። በመንገድ ላይ ልጅቱ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ ግራ ለምን እንደምትሄድባት ጠየቀች። ፊታውራሪም መንገዱ እዚህ ጋ ተዳፋት ነው ብለው መለሱ። ሜዳ ነበር።

የምርመራው አዳራሽ ቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ ወለሉ ዘይት የጠገበ፣ ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ረጅም ቤት ነው። መኪኖች በስተታች በኩል ባለው አጭር ዳገት ወጥተው ይገባሉ። በመካከሉ ሰው የሚወርድበት ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ወዲህ ደግሞ በወለሉ ውስጥ የተቀበሩ የሚሽከረከሩ ብረቶች አሉ። ጎማ በእነርሱ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ያሽከረክረዋል፤ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ ማሽኑ የግራውንና የቀኙን ጉልበት ለይቶ ያሳያል።

የዚያ ቀን መርማሪ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ እርሳስ በጆሮዋ የሰካች፣ ዕድሜዋ ከልጅቱ ብዙም የማይርቅ ሴት ነበረች። ሞተር አጥፊ፣ አብሪ፣ ፍሬቻ ቀኝ፣ ፍሬቻ ግራ፣ ተርጂ እያለች አዘዘች። እንቁራሪቲቱም ታዘዘች። ክላክስዋ በተነካ ጊዜ እንደ አሮጌ መነኩሴ ሳለች፤ ቢሆንም ድምፅ ነውና ተቆጠረላት። ፊታውራሪ በእያንዳንዱ ነገር ላይ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ትኩሱም ይቀርጽ ነበር።

ከዚያም መርማሪዋ ወደ ጎማዎቹ መጣች። የፊተኛውን በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው፤ ጎንበስ ብላም በጎኑ ያለውን የነጭ ቀለም ጠብታ አየች።

«እነዚህን ጎማዎች አውቃቸዋለሁ» አለች። «ደህና ናቸው። መኪናዋን ነው የማላውቃት።»

ፊታውራሪ ሳል መጣባቸው። መርማሪዋ ግን አልተቆጣችም። ደንቡ ጎማው ደህና መሆኑን እንጂ ጎማው የማን መሆኑን እንደማይጠይቅ ተናግራ፣ ተሳፋሪ እንዲወርድና ነጂ ብቻ እንዲቀር፣ መኪናዋም በብረቶቹ ላይ እንድትቆም አዘዘች።

እነሆ የቀኑ ልብ ይህ ነው። ባለቤታቸው ወርደው ከኋላ ካለው ቢጫ መስመር አጠገብ ቆሙ። ፊታውራሪም ወረዱ፤ ዞረውም በልጃቸው በር በኩል መጡ፤ እጃቸውን በመስኮቱ ላይ አሳረፉ። ውረጂ፣ እኔ ልግባ ሊሉ ነበር። ቃሉ ከከንፈራቸው ደርሶ እንደነበር እኔ ራሴ፣ ለታሪክ ስል ከአጥሩ ጋር ቆሜ፣ አይቻለሁ። ነገር ግን ቀና ሲሉ የትኩሱ ስልክ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር፤ በሩ ላይም ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ይመለከታቸው ነበር። እጃቸውን ከመስኮቱ አነሡ። የሱፋቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። ቀስ ብለሽ ርገጪው አሉና ዘወር አሉ።

ብረቶቹ መሽከርከር ጀመሩ። መርማሪዋ እጅዋን ከፍ አድርጋ ዝቅ አደረገች፤ ልጅቱም ረገጠች። የግራው ጎማ እንደ ተመታ በሬ ቆመ፤ የቀኙ ግን ምንም እንዳልሰማ መዞሩን ቀጠለ። እንቁራሪቲቱ ወገብዋን ሰበረች፤ አፍንጫዋን አነሣች፤ ከብረቱም ላይ ወደ ኋላ ዘለለች። የእጅ ፍሬንዋ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጅቱ ብትስበው ብትስበው ባዶ መጣ። መኪናይቱ በገባችበት ዳገት ላይ ወደ ኋላ ወረደች፤ በዚያም ባለቤታቸው ቆመው ነበር።

ልጅቱ አንገትዋን አዙራ እናትዋን አየች፤ መሪውን በሁለት እጅዋ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘችው። እንቁራሪቲቱ ዞረች፤ በኋላዋም የዳቦ ጋጋሪውን እንቁራሪት ፓራውልት መታችና በዚያ ቆመች። ባለቤታቸው በግድግዳው ተለጥፈው ነበር። የጣሉት የእጅ ቦርሳ ያ ነጭ ጠብታ ካለበት ጥሩ ጎማ ሥር ነበረ።

 አንድ ሰው የሚሽከረከሩትን ብረቶች አጠፋቸው።

ልጅቱ ቁልፉን ነቅላ ወረደች። ወደ እናትዋ ሄዳ ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ጉልበታቸውን ዳሰሰች፤ ደህና መሆናቸውን ካወቀች በኋላ ወደ አባትዋ ተመለሰች። 

«አባዬ፣ አምና በምን አለፈች?»

 መርማሪዋ በባትሪዋ አብርታ ከሁለቱም ጎማ ኋላ ተመለከተች፤ የግራው ሸራ አዲስ እንደሆነ፣ በቀኙ ግን ብረት ለብረት ብቻ እንደቀረ ተናገረች፤ ግማሽ ፍሬን የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አላየሁም፣ የት ነው ያለው ብላም ጠየቀች። ዳቦ ጋጋሪው ጣራውን በጥንቃቄ ማየት ጀመረ። ትኩሱም አማቹን የረዳ መስሎት፣ ስልኩን ሳያወርድ፣ ሞዴልዋ ነው እንጂ እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ማስታወቂያችሁስ ከአሥሩ ሰባቱ ይወድቃሉ ይል የለ እንዴ አለ።

መርማሪዋ ባትሪዋን አጠፋች።

«የወደቁት ሰባቱ እኔን አያሳስቡኝም» አለች። «ወድቀው ሄደው ይጠገናሉ። የሚያሳስቡኝ ያለፉት ሦስቱ ናቸው።»

ይህ ነገር በወረፋው ሁሉ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ወረደ። በዚያች ሰዓት ባለቤታቸው ከጎማው ሥር ቦርሳቸውን ስበው አወጡ፤ ውስጡንም አላዩትም፤ ባላቸውን ግን አዩአቸው። ባየኋቸው ዘመን ሁሉ ፊታውራሪ ስለ ራሳቸው ብዙ አዋጅ አስነግረዋል፤ እውነት የሆነው ግን ያን ቀን የተናገሩት ነው። ሱፋቸውን ለብሰው፣ በዘይቱ ወለል መካከል ቆመው፣ እንዲህ አሉ፦

«ጎማው የኔ አይደለም። ሸራውም የኔ አይደለም። ሰባቱንም ዓመት ያለፍኩት በውሰት ነው። ግማሽ ፍሬን ብቻ እንዳላት ትላንት አውቄ ነው ልጄን ያስቀመጥኳት።»

«ለምን?» አለች ልጅቱ።

«ሰው እያየን ነበር፣ ልጄ።»

እርስዋም ቁልፉን በእጃቸው ላይ አስቀመጠች፤ እናትዋን ክንዳቸውን ይዛ ወጣች፤ ሁለቱም ታክሲ ይዘው ሄዱ።

ዜና መዋዕል የተሸነፉትንም መቁጠር ይገባዋልና፣ የዳቦ ጋጋሪው እንቁራሪት በዚያች ሰዓት ቀጠሮዋን ትታ ወደ ኋላ ወጣች። በወረፋው ውስጥ ከሌላ ሰፈር የመጡ ሁለት እንቁራሪቶች ነበሩ፤ ምን በውስጣቸው እንደነበረ እግዜር ይወቅ፣ እነርሱም ወደ ኋላ ወጡ። ዶክተር ክሪኩን ለመደበቅ ቢሞክር ክሪክ በኪስ አይገባምና ቆሞ ቀረ። መርማሪዋ እንቁራሪቲቱ በራስዋ እግር ከግቢው እንዳትወጣ፣ ተጎትታ ብቻ እንድትወጣ ከፈረደች በኋላ፣ በበሩ በኩል ስታልፍ የትኩሱን አዲስ መኪና መስታወት ቆም ብላ አየች። ቦሎ የሚባል አልተለጠፈበትም ነበር። መልካም ነገር ሁለት ጊዜ የተነበበላት መኪና ምርመራ ቀርባ አታውቅም ነበር። ትኩሱም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አወረደ።

ከዚህ በኋላ የዝምታ ወራት ሆነ። ልጅቱ ወደ አውቶቡስዋ ተመለሰች። አባትዋን ጠዋት ደህና አደርክ፣ ማታ ደህና አመሸህ ትላቸው ነበር፤ ቤት ያከራየ ሰው ሰላም የሚባለውን ያህል። ባለቤታቸው ቦርሳውን በበር ኋላ በሚስማር ሰቀሉት፤ የጎማው አሻራ ወደ ውጭ ሆኖ። ፊታውራሪም ሱፋቸውን አጣጥፈው አኖሩ። የማታ ተማሪዎችን ጨምረው ማስተማር ያዙ፤ ከዚያም በሚያገኙት፣ አንድ በአንድ፣ የሁለቱን ወገን ሸራ፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ፣ በመጨረሻም አራት ጎማ ገዙ። ዶክተር ሲገጥም ካርቶን አንጥፈው ከመኪናይቱ ሥር አብረውት ይተኙ ነበር። አንድ ጊዜ ይኸው ይበቃል ጋሼ ቢላቸው፣ ይህችን ቃል ዳግመኛ በፊቴ እንዳትጠራት ብለው ተቆጡት።

ፍሬኑ ካለቀ በኋላ ያደረጉትን ለማንም አልተናገሩም። እኔ ግን ጎረቤት ነኝ፤ የመስኮቴም መጋረጃ ስስ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ መኪናይቱን አስነሥተው ወደ ረጅሙ ቁልቁለት ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አየኋቸው። ከላይ ይነሣሉ፤ መሐል ሲደርሱ ይረግጡታል፤ ትቆማለች። ይወርዱና ጎንበስ ብለው የሁለቱን ጎማ ምልክት በአስፋልቱ ላይ ያነጻጽራሉ። ደግሞ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ደግሞ ይወርዳሉ። የሚያያቸው ማንም አልነበረም፤ እኔንም አላዩኝም። በዚህ ዓይነት ብዙ ጠዋት ሆነ።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ያለ አዋጅ፣ ምሳ ሳይነሣ፣ ቁልፉን በልጃቸው ሳህን አጠገብ አስቀመጡ። ልጅቱ ቁልፉን አየችው፤ አልነካችውም።

«ሁለቱም ወገን?» አለች።

«ሁለቱም።»

እናትየው ከወዲያ በኩል ልጃቸውን አዩ። ልጅቱ መብላትዋን ቀጠለች፤ ስትጨርስ ግን ሳህንዋን በአንድ እጅዋ፣ ቁልፉን በሌላው አንሥታ ሄደች።

ለአዲሱ ምርመራ በተቀጠረው ማክሰኞ ሠራዊት አልነበረም። ትኩሱ ሥራ አለኝ አለ። ዶክተር አልተጠራም። ፊታውራሪ በሥራ ቀን ሹራባቸው ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ሄዱ፤ በጣቢያው በር ላይም ወርደው፣ ከግቢው ውጭ ከአጥሩ ጋር ቆሙ። ያችው መርማሪ ነበረች። ጎማዎቹን አየች፤ እነዚህን አላውቃቸውም አለችና ምልክት አደረገች። ብረቶቹ ተሽከረከሩ፤ ልጅቱ ረገጠች፤ እንቁራሪቲቱ በሁለቱም እግርዋ እኩል ቆመች፤ አንዲት ጋት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ክላክስዋ ብቻ አሁንም ሳለች።

ልጅቱ ቦሎውን ለጥፋ በላይኛው በር ወጣች። የሥራ ሰዓትዋ ደርሶ ነበር፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ወደ ታች ነው፣ ቤታቸውና የአባትዋ ትምህርት ቤት ወደ ላይ። በአጥሩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ መስታወቱንም ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ አላደርስህም፣ ይረፍድብኛል» አለች። ከዚያም ማርሽ እያስገባች፣ «ማታ ግን መጥቼ ከትምህርት ቤት እወስድሃለሁ» አለችና ሄደች።

ፊታውራሪም በመንገዱ ዳር ቆመው፣ መኪናይቱ እስክትሰወር ድረስ አዩ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ የኋላ መብራቶችዋ ሁለቱም በአንድነት ቀሉ፤ ፍጥነትዋንም ቀንሳ ወረደች። እሳቸውም አውቶቡስ ጠበቁ፤ የመጣውም ሞልቶ ነበርና በሁለት ሰው መካከል ተጣብቀው፣ በአንድ እጃቸው ብረት ይዘው፣ ዳገቱን ቆመው ወጡ። ቲኬት ቆራጩ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ አባባ ቢላቸው፣ ያለ አንዳች ክርክር ጠጋ አሉ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ስማቸው በጎማ ሻጮችና በመካኒኮች መካከል ከፍ ይበል በሉ፤ ሰባት ጊዜ በሰው ጎማ ላለፉ፣ በስምንተኛው በግማሽ ፍሬን ለወደቁ፣ ዘጠነኛውን ከአጥር ውጭ ቆመው ላዩት ለፊታውራሪ ክብር ይሁን። ሰባቱ ማለፍ የጎማዎቹ ነበር፤ የመጨረሻው ደግሞ የልጃቸው ነው። ከምርመራዎቹ ሁሉ በእውነት የራሳቸው ሊባል የሚችለው የወደቁበት አንዱ ብቻ ነው፤ እኔም የእርሱን ዜና ጽፌ እነሆ ፈጸምኩ።